የአደ ጫልቱ ጥቁር እንጨት

ቅዳሜ፣ ንጋት 12 ሰዓት፣ ነቀምቴ

ጭጋጉ ሳይገለጥ መናኸሪያ ደረስኩ። የአርጆው ሚኒባስ ገና ግማሹ ነው የሞላው። ቅርጫቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጋቢና ተቀመጥኩ።

«መምህር፣ ለገበያ ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ለጥቁር እንጨት ዘር።»

«ሆሚ? እሱማ ተቆርጦ አለቀ እኮ!»

ሆሚ የጥቁር እንጨት የኦሮምኛ ስሙ ነው። ሾፌሩም አልተሳሳተም። ቅርፊቱ ለመድኃኒት፣ ግንዱ ለጣውላ እየተባለ ከአካባቢው ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የማስተምረው ባዮሎጂ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረቅ ዘር እየገዛሁ በትምህርት ቤታችን ግቢ ዘራሁ፣ አንድም አልበቀለም። የዚህ ዛፍ ዘር ትኩስ ካልተዘራ ይሞታል። አርጆ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ያፈራ ዛፍ መኖሩን የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው።

3 ሰዓት፣ አርጆ

መንገዱ ሽቅብ፣ አየሩ ብርድ። ከገበያው ጀርባ፣ ከአንድ ቆርቆሮ ቤት ጓሮ፣ ከጎመኑ በላይ ዛፉ ቆሟል፤ ጥቁር፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ግንድ፣ ሁለት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው።

«አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ፣ ልጄ?» አሉኝ የግቢው ባለቤት አደ ጫልቱ። እጄን ይዘው በግንዱ ላይ ያለውን ሰፊ ጠባሳ አሳዩኝ።

«ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ ሌቦች ቅርፊቱን ልጠው ሄዱ። ሁሉም ይደርቃል አለ። ይሄም ልጄ ሳይደርቅ ጣውላ ይሁን ብሎ መጋዝ አመጣ።»

ልጃቸው ሌሊሳ፣ ጎልማሳ አናጢ፣ አንገቱን ደፋ።

«አንድ ክረምት ብቻ ታገሠኝ አልኩት። ቁስሉን በጭቃና በእበት መረግሁት፣ በኮባ ቅጠል ጠቀለልኩት።»

አዲሱ ቅርፊት ከዳርና ከዳር መጥቶ ገጥሟል። ከተላጠ ወዲህ ሲያፈራ ዘንድሮ የመጀመሪያው ነው።

ዘር ፈልጌ መምጣቴን ስነግራቸው ሌሊሳ ጫማውን አውልቆ ዛፉ ላይ ወጣ። መጋዝ ካመጣበት ዛፍ፣ ቅርንጫፉ እንዳይሰበር እየተጠነቀቀ፣ የበሰለውን ፍሬ ብቻ ለቀመ።

«ሀርሜ፣ ፍሬ ሞልቷል! እስከ ጫፉ ሞልቷል!» ሲል ከላይ እናቱን ተጣራ። እሳቸውም ሽቅብ እያዩ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን እንባ ነበረበት።

10 ሰዓት፣ ነቀምቴ

ፍሬውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኜ ተመለስኩ። ሥጋውን ላጥኩ፣ ዘሩን አጠብኩ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ዘራሁ።

ከሰባት ሳምንት በኋላ

ዛሬ ጠዋት የዘራሁበት መደብ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀኝ። እዚያው ተንበርክኬ አርጆ ደወልኩ።

«አደ ጫልቱ፣ ዘሩ በቀለ!»

«ስንቱ?»

«ሁሉም ማለት ይቻላል!»

እልልታቸውን ለቀቁት። ጎረቤቶቻቸው ተቀበሏቸው። ወንድ እልል አይልም ይባላል፤ እኔ ግን አልኩ።