ቁንዝላ ያልተሻገረው መሣሪያ

ባለፈው ሳምንት ፊዚክስ የምታጠናው የልጅ ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና፣ «አባባ፣ ጨረር ወደ ግድግዳ ልከው፣ ተበትኖ የሚመለሰውን እየለቀሙ የውስጡን ሥዕል ያወጣሉ። አዲስ ነገር ነው» አለችኝ። እኔና ጓደኛዬ ታደለ ይህንኑ ባሕር ዳር ላይ ስንሞክር እናቷም አልተወለደችም።

ዘመኑ የደርግ ነው። ሁለታችንም በአንድ ኮሌጅ እናስተምር ነበር። ታደለ የቁንዝላ ልጅ ነው፤ አባቱ መሪጌታ ይባቤ እዚያው ሐይቁ ዳር ባለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ያስተምሩ ነበር። አንድ በጋ በጀልባ ሄደን ልንጠይቃቸው ገባን። አሣ ጥብስ በዳጉሳ እንጀራ ካበሉን በኋላ ቤተ ክርስቲያኑን አሳዩን። የመቅደሱን ግድግዳ የተሸከመው ትልቅ ምሰሶ በጭቃ ተለስኖ ሥዕል ተሥሎበታል፤ ከሥሩ ግን የእንጨት ዱቄት ይፈሳል።

«ምስጥ ገብቶታል። እስከ የት እንደ በላው ማን ያውቃል?» አሉን። «እንዳንቆፍረው ሥዕሉ ይረግፋል። ሳላይ ይነቀል ብል ደግሞ ደብሩ አይሰማኝም።»

ራጅ ለማንሣት ፊልሙ ከምሰሶው ጀርባ መቀመጥ አለበት። ጀርባው መቅደስ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ አይገባበትም።

ስንመለስ ታደለ ጀልባው ላይ፣ «ከፊት ለፊት ብቻ ሆኖም ማየት ይቻላል» አለኝ። ጨረር እንጨት ውስጥ ሲገባ ከፊሉ ተጋጭቶ ይመለሳል። ሲመለስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም በታጠፈው ልክ ነው። ጉልበትን ለይቶ የሚያነብ መሣሪያ ካለ እንግዲህ ከታጠፈበት ማዕዘን ተነሥቶ ጨረሩ ከየትኛው ጥልቀት እንደ መጣ ይታወቃል። ባዶ ቦታ ምንም አይመልስም። እንዲህ ያለ መሣሪያ በቤተ ሙከራችን ነበረን፤ ለተማሪ ከማሳየት ያለፈ ሥራ ግን ሠርቶ አያውቅም።

አንድ የዋንዛ ግንድ ውስጡን ቦርቡረን፣ በጭቃ ለስነን ሞከርነው። ንባቡን ነጥብ በነጥብ በካሬ ወረቀት ላይ ስናሰፍር፣ ግንዱ በመጋዝ የተቆረጠ ያህል ቀዳዳው ወለል ብሎ ታየ። ታደለ እንደ ሕፃን ሳቀ።

ለመሪጌታ መልእክት ልከን መሣሪያውን ወደ ቁንዝላ ለመውሰድ ፈቃድ ስንጠይቅ የኮሌጁ ካድሬ አስጠራን።

«የሰፊውን ሕዝብ ንብረት ለደብተራ ልታውሱ ነው?»

«ጓድ፣ ምሰሶው ቢወድቅ ሰው ይሞታል» አለ ታደለ። «አባቴም እዚያ ናቸው።»

«የሚወድቀው ይውደቅ።»

በማግስቱ ቤተ ሙከራው ታሸገ። እኔን በማስጠንቀቂያ አለፉኝ፤ ታደለን አሰሩት።

ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ የጠጣው ጣሪያ ሲከብደው፣ ምሰሶው ተሰበረ። መሪጌታ ጣሪያው ሲያፈስ አይተው ሥዕሉን በሸማ ሊሸፍኑ ገብተው ነበር። ታደለን ለለቅሶ ፈቱት። ጭቃው መኪና አላሳልፍ ብሎን በእግር ስንደርስ፣ አባቱ ተቀብረዋል። ዳሱ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ያ ያላችሁት ዕቃ እውነት ያይ ነበር?» ሲሉ ጠየቁት።

«ያይ ነበር፣ አባ» አለ ታደለ።

ወደ ማስተማሩ አልተመለሰም። ሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ ተሻግሮ፣ መረብ ሲጥል ኖሮ እዚያው ሞተ።

ያ ካድሬ ዛሬ እኔ በምሳለምበት ደብር የሕንጻ አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። እሑድ እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ሲያገኘኝ፣ «እንደምን አደሩ?» ይለኛል። «እግዚአብሔር ይመስገን» እለዋለሁ። ንስሐ ገብቶ ይሆናል፤ ያ በእርሱና በአምላኩ መካከል ነው። አንዳንዴ ዐይኑን ሳየው አንዳች ቃል ከእኔ የሚጠብቅ ይመስለኛል። እኔ ግን የመሪጌታን ሞት ይቅር የምልበት ሥልጣን የለኝም፤ ሥልጣኑ የነበረው ልጃቸው ሐይቁ ማዶ ተኝቷል።