ከደሴ ወልድያ፣ ቢጫዋ መብራት እንደበራች

ከንጋቱ 11፡40፣ ደሴ

ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ዓሊ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ተነሣ። ዳሽቦርዱ ላይ ግን አንዲት ቢጫ መብራት አብራ በራችና አልጠፋ አለች።

«ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» አልኩት።

«ጌጥ ናት» አለና ከኪሱ የቁስል ፕላስተር አውጥቶ ለጠፈባት። «ይኸው፣ ዳነች።»

ዓሊ ወልድያ ውስጥ እኔ ፊዚክስ በማስተምርበት ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪ ነው። ጦርነቱ ሲቃረብ ሁለታችንም በዚችው አሮጌ መኪና ወደ ደሴ ሸሸን፤ ደሴም ስትያዝ ከዚያ አልፈን ሸሸን። አሁን ታጣቂዎቹ ከወጡ ሳምንታት አልፈዋል፤ መንገዱ ተከፍቷል። ወልድያ ግን መብራት የለም፣ ስልክ የለም፣ ሆስፒታሉም ባዶውን ነው ይባላል።

የምንሄደው ለእቴቴ የሺ ነው። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ስኳር አለባት። «ቤቴን ለማን ትቼ?» ብላ ከወልድያ ንቅንቅ አላለችም። ከትናንት በስቲያ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መልእክቷን አደረሰኝ፦ «ኢንሱሊኔ አልቋል፤ ካልመጣህ ለቀብር ትደርሳለህ።» እቴቴ ነገር አታለሳልስም።

አንዲት የማውቃት ነርስ አራት ብልቃጥ ኢንሱሊን ፈልጋ አገኘችልኝ። የክትባት መያዣ ሳጥንም አራት የበረዶ ጥቅል ከትታ አዋሰችኝ። «ቆላ ነው የምትወርደው» አለችኝ። «በረዶው ከመሸ አይዘልቅም። ፀሐይ ላይ እንዳታስቀምጠው።» ሳጥኑን እንደ ሙሽራ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ተነሣን።

ረፋድ 3፡15፣ ውርጌሳ

ሐይቅን አልፈን ውጫሌ ላይ ሻይ ጠጣን። ከዚያ ቁልቁለቱን ስንወርድ ሹራባችንን፣ ቀጥሎም ጃኬታችንን አወለቅን። መንገድ ዳር አንድ የተቃጠለ ታንክ ቆሟል። ሦስት ፍየሎች አናቱ ላይ ወጥተው ያመነዥካሉ፤ አራተኛዋ መድፉ ላይ ለመውጣት ትሞክራለች።

ውርጌሳ ልንገባ ስንል መኪናችን አንዲት ሳል እንኳ ሳታሰማ ፀጥ አለች። ሞተሪኖው ያዞራል፤ ሞተሩ አይነሣም።

ከኬላው አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን እንዳነገተ መጣና የነዳጅ መያዣውን አሸተተ። «ነዳጁ ነው። በፕላስቲክ ጠርሙስ ገዝታችሁ ምን ልትጠብቁ ኖሯል? ግማሹ ላምባ ነው።»

ብርቱካን የምትሸጥ ሴት ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። ዓይን ነው የበላው። በዚህ ዘመን መኪና የተረፈው ሰው ስንት ነው? አይተውበት ነው እንጂ!»

እኔም የሙያ ክብሬን ይዤ «በሙቀቱ ነዳጁ ቱቦ ውስጥ ተንኖ ነው» አልኩና ግፊትን አስመልክቶ አጭር ማብራሪያ ሰጠሁ። ሚሊሻው አዛጋ።

ብርቱካን እየላጥን ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየን። ሴትዮዋ ቢስሚላህ ብላ ኮፈኑ ላይ ውሃ ረጨች። ዓሊ ቁልፉን ሲያዞረው ተነሣ! ሚሊሻው «ቆሻሻው ዘቅጦለት ነው» አለ፤ ሴትዮዋ «አላልኳችሁም?» አለች፤ እኔም በበኩሌ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ መሆኑን አስረዳሁ። ሦስታችንም አሸንፈን ተለያየን።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ጊዜ ጠፋች። ሁለተኛው መርሳ መግቢያ ላይ ነበር። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። ሳጥኑን ከፈት አድርጌ አየሁት፤ ከአራቱ ጥቅሎች አንዱ ቀልጦ ውሃው ይንቦጫቦጫል።

5፡20፣ መርሳ

መንገደኞች ገፍተው እንድሪስ ጋራዥ አደረሱን። ጋራዥ የምለው ከአክብሮት ነው። ጣሪያው አለ፣ በሩ የለም። እንድሪስ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀጭን፣ ዓይኑ የሚስቅ መካኒክ ነው።

«ኮምፒውተሬን ወሰዱት፣ መፍቻዎቼን ወሰዱ፣ ክሪኩን ወሰዱ» አለን። «የመኪና መብራት ቋንቋ የሚያነብልኝ ኮምፒውተሩ ነበር። አሁን በጆሮዬ ነው የምሠራው። የቷ ናት መብራቷ?»

ዓሊ እያፈረ ፕላስተሩን ላጠው። እንድሪስ አንዴ እሱን፣ አንዴ መብራቷን አየ።

«መምህር፣ ሆድህን ሲያምህ አፍህ ላይ ነው ፕላስተር የምትለጥፈው?»

ከዚያ ጨዋታውን ተወት አደረገና ጠየቀን። የምትጠፋው ስትሞቅ ነው ስትቀዘቅዝ? ስትሞቅ። እያንገጫገጨች ነው ወይስ በአንዴ? በአንዴ። ቆይታ ትነሣለች? ትነሣለች። አንዱን ካንዴላ ነቅሎ ዓሊን አስነሣ አለው፤ እሳት የለም። ነዳጁን አየ፤ ይመጣል።

«አሁን ያን የዙር መቁጠሪያ መርፌ እያያችሁ አስነሡ» አለ። ሞተሪኖው ሲያዞር መርፌው ከዜሮ አልነቃነቅ አለ።

«በቃ። ሞተሩ እየዞረ መኪናው መዞሩን አላወቀም። የሚነግረው የክራንኩ ሴንሰር ነው፤ እሱ ዝም ሲል ኮምፒውተሯ እሳቱን ትዘጋለች።» ከታች ቀበቶው የሚዞርበት ፑሌጃ አጠገብ ያለች አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር አሳየን። «ግን ከመንቀሌ በፊት ላረጋግጥ። ቀዝቃዛ ውሃ አላችሁ?»

የመርሳ ውሃ በዚያ ሰዓት ለሻይ ትንሽ ነው የሚቀረው። እንድሪስ ጭኔ ላይ ያለውን ሳጥን አየ። እኔም ማየቱን አየሁ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ምን እንደሆነ እንኳ አልጠየቅሁም።»

«መድኃኒት ነው። በረዶው የመድኃኒቱ ነው።»

«ጋሼ፣ መኪናው ካልሄደ መድኃኒቱ እዚህ ከእኔ ጋር ነው የሚውለው። እኔ ደግሞ ስኳር የለብኝም።»

ስኳር መሆኑን እንዴት እንዳወቀ አልጠየቅሁትም። አንዱን ጥቅል አውጥቼ ሰጠሁት። በጨርቅ ጠቅልሎ ሴንሰሯ ላይ አስደግፎ ያዘው። ደቂቃዎቹ አልሄድ አሉኝ። ከዚያ «በል!» አለ፤ ዓሊ ቁልፉን ሲነካው መኪናዋ እንደ አዲስ ተነሣች፤ መርፌውም ብድግ አለ። እንድሪስ ከራዲያተሩ የቀዳውን ሙቅ ውሃ ሴንሰሯ ላይ ሲያፈስስባት ወዲያው ጠፋች።

«ይኸውላችሁ ምርመራው። ውስጧ ያለው ዋየር ተበጥሷል።»

«አዎ፣ ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱ ይሰፋል፤ ሲቀዘቅዝ...» ብዬ ጀመርኩ።

«እንደ ባልና ሚስት ነው፤ ሲበርዳቸው ይጠጋጋሉ፣ ሲሞቃቸው ይለያያሉ» አለና ጨረሰልኝ። ይህን ምሳሌ ለተማሪዎቼ ልወስደው አስቤያለሁ።

ሴንሰሩ ግን መርሳም የለም፣ ወልድያም የለም። ደሴ ለመመለስ ደግሞ ይቺው መኪና ናት ያለችን። እንድሪስ እጁን ጠረገና «አንድ አለ» አለ። «ግራና መንገድ ላይ። ሰጪው ነው ችግሩ።»

7፡00፣ የግራና መንገድ

ዓሊና ሳጥኑ ጥላ ሥር ቀሩ። እኔና እንድሪስ በባጃጅ ኮረኮንቹን ተያያዝነው። ግራና ሳንደርስ አንድ ግቢ ገባን። ሐጂ ሰይድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ከጀርባቸው የማሽላ አገዳ ተከምሯል።

«አሰላሙ ዓለይኩም፣ ሐጂ።»

«ወዓለይኩሙ ሰላም። እንድሪስ፣ ደህና ነህ? እንግዳው ማን ናቸው?»

እንድሪስ ስለ መኪናችን፣ ስለ ሴንሰሩ አስረዳቸው። ሐጂ በትዕግሥት አዳመጡ።

«እኔ ግን መኪና የለኝም» አሉ።

ከአገዳው ክምር ውስጥ የእኛን ዓይነት መኪና መስተዋት ብቅ ብሎ ፀሐይ ያብለጨልጫል። ሁላችንም አየነው። ሐጂ መቁጠሪያቸውን መቁጠር ቀጠሉ።

«ሐጂ፣ ሴንሰሩን የፈታሁልዎት እኮ እኔ ነኝ!» አለ እንድሪስ።

ሽማግሌው ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸውና ነገሩ ወጣ። ታጣቂዎቹ መርሳ በገቡ ዕለት እንድሪስ እየሮጠ መጥቶ ያችን ቁራጭ ነገር ብቻ ነቅሎ ለሚስታቸው ሰጥቶ ሄደ። ታጣቂዎቹ መኪናዋን ሊወስዱ መጡ፤ አልነሣ አለች። የራሳቸውን መካኒክ አመጡ። ሁለት ቀን ሙሉ ለፋባት።

«ካንዴላዎቹን በአዲስ ለወጠ፣ የነዳጅ ማጣሪያውን ቀየረ፣ ባትሪ ድረስ አመጣላት» አሉ ሐጂ። «እኔም "አይዞህ ልጄ" እያልኩ ውሃ አቀብለው ነበር። በስተመጨረሻ በእርግጫ ብሏት ሄደ። አልሐምዱሊላህ፣ እንዲህ ያለ ሰርቪስ አግኝታ አታውቅም።»

«ሴንሰሩስ የት አለ?» አልኩ።

«እሱን ዘሐራን ጠይቁ። እኔ አላውቅም፤ ልትነግረኝ አልፈቀደችም።»

ሚስታቸው ወይዘሮ ዘሐራ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ቢመቱት ይናገራላ!» አሉ። «ሳይመቱትም ይናገራል።»

«እናቴ፣ ለአክስቴ መድኃኒት ይዤ ነው። ስኳር አለባት። ከማታ በፊት ካልደረስኩ...» አልኳቸው። ካልመጣህ ለቀብር ያለችው እንደ ቀልድ አይታየኝም ነበር።

ወይዘሮ ዘሐራ አላስጨረሱኝም። ቢላ ይዘው አጥሩ ሥር ወደታሰረችው አህያ ሄዱና ከአንገቷ ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ቆረጡ። ስፌቱን ሲተረትሩት ሴንሰሩ እጃቸው ላይ ወደቀ።

«አህያዋንም ወስደዋት ነበር» አሉኝ ረጋ ብለው። «ሳምንት ሙሉ ዕቃ አስጫኗት። ማታ ማታ መኪናይቱን ይረግማሉ፤ ቀን ቀን መድኃኒቷን አንገቷ ላይ ያሰረችውን አህያ ይነዳሉ። አንድ ቀን አምልጣ በራሷ መጣች።»

እንድሪስ መሬት ላይ ተቀምጦ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሐጂም ለመጀመሪያ ጊዜ መስማታቸው ኖሯል፤ መቁጠሪያቸውን አስቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ላመሰግን ስነሣ ሐጂ እጄን ያዙኝ። ሳቁ ከፊታቸው ጠፍቷል። «ስትመለሱ ሴንሰሩን አምጡልኝ፣ ልጄ። ታጣቂዎቹ ሄደዋል ይባላል እንጂ ሩቅ አይደሉም። መኪናዬ አልነሣ ስትል ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ።»

9፡30፣ ሲሪንቃ

መርሳ ስንመለስ እንድሪስ ሴንሰሩን ለመግጠም ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም። መብራቷ ግን እንደበራች ነበረች። «ቂም ይዛ ነው» አለና የባትሪውን አንዱን ገመድ ነቅሎ ትንሽ አቆየው። መልሶ ሲያስረው መብራቷ ድርግም ብላ ጠፋች። ሒሳቡን ስንጠይቀው ለጋራዡ መስኮት የሚሆን ፕላስቲክ ከደሴ አምጡልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም አለን።

ሲሪንቃ ኬላ ላይ ቆምን። ከእርሻ ምርምር ማዕከሉ ማሳ ወዲህ ያሉ ሰዎች ማሽላ ሲጭኑ ይታያሉ። አንድ ወታደር ሳጥኑን አስከፍቶ አየና «ለማን ነው?» አለኝ። «ለእናቴ» አልኩት፤ አክስት ማለት ረዘመብኝ። «ፍጠን፣ መንገዱ በ12 ይዘጋል» አለኝ። ሁለት ጥቅል በረዶ ነበር የቀረን፤ አንዱም ለስልሷል።

10፡20፣ ወልድያ

ከተማዬ ሱቆቿ ቆርቆሯቸው ተገንጥሎ፣ መደርደሪያቸው ባዶውን ቆሞ ጠበቀችኝ። ሰው ግን አለ፤ ቲማቲም የሚሸጥ አለ፣ ጥላ ሥር ፀጉር የሚያስተካክል አለ።

እቴቴ የሺ በሩን ራሷ ከፈተች። ከስታለች፤ ከንፈሯ ደርቋል። አቅፌያት አጥንቷ እጄ ላይ ሲሰማኝ ሳጥኑን ልጥለው ነበር። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደርኳቸው፤ ገና ይቀዘቅዛሉ። አየቻቸው፣ ዓይኗ ሞላ፤ እንዳላየሁ ሆንኩ። ከዚያ ሁለቱን ወደ እኔ ገፋቻቸው።

«እነዚህን ለጋሽ የሱፍ ውሰድለት።»

ደነገጥኩ። ጋሽ የሱፍ ጎረቤቷ ናቸው፤ እሳቸውም ስኳር አለባቸው። እሷና እሳቸው በአጥር ወሰን ተካስሰው ስንት ዓመት «እንደምን አደርክ» ተባብለው አያውቁም።

«ከሳቸው ጋር ታረቃችሁ እንዴ?»

«ማን ነው የታረቀው?» ተቆጣች። «የኔ ያለቀ ጊዜ ያቺን የመጨረሻ ብልቃጡን ይዞ በአጥሩ ላይ ተንጠራርቶ "ግማሽ ግማሽ እንውሰድ" አለኝ። እስካለፈው ሳምንት በሷ ነው ሁለታችንም የቆየነው። ይኸው ዛሬ ድምፁን አልሰማሁም። ቶሎ በል!»

ብልቃጦቹን ይዤ ስወጣ ከኋላዬ ጮኸች።

«አጥሩን ግን አልተውኩለትም በለው!»