ሲምሲም አውሮፓ ስትሄድ

ልጅ ሆኜ፣ ካርቱም እያለን፣ የምቀናው በውሻ ነበር። የሰፈራችን ልጆች በብስክሌትና በአዲስ ጫማ ይቀናናሉ፤ እኔ ግን ቀለሟ እንደ ሰሊጥ በሆነች፣ ስሟም በዐረብኛ ሰሊጥ ማለት በሆነ፣ ሲምሲም በምትባል ውሻ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

መጀመሪያ ያገኘኋት እኔ ነበርኩ። ጀሪፍ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከቤታችን ጀርባ ወደ ዓባይ ሲወረድ፣ ጡብ የሚተኮስባቸው ትልልቅ ምድጃዎች ነበሩ። ጠዋት ስንነሳ ጭሱና የእርጥብ ጭቃው ሽታ ተቀላቅሎ ይቀበለናል። እዚያ የጡብ ክምር ሥር፣ ገና ቡችላ ሆና፣ ስታላዝን አግኝቻት በቀሚሴ ጠቅልዬ አመጣኋት። የተከራየንበት ቤት ባለቤት ሐጅ ደግ ሰው ነበሩ፤ ውሻ ግን ግቢያቸው እንዲገባ አይፈልጉም። "መዓሌሽ፣ ያ ቢንቲ" ብለው፣ አይዞሽ ልጄ ማለታቸው ነው፣ ራሴን ዳበስ አደረጉኝ። እናቴ ምግብ የምትሠራላት ፈረንጅ ማዳም ልጅ አልነበራትምና እናቴ ቡችላዋን ለሷ ወሰደችላት።

ከዚያ በኋላ ሲምሲም ሰው ሆነች። አርብ አርብ ትምህርት ስለሌለ ከእናቴ ጋር ማዳም ቤት እሄድ ነበር። የኛ ቤት ማራገቢያ መብራት በጠፋ ቁጥር ይቆማል፤ ሲምሲም ግን ጄኔሬተር ባለው ቤት፣ በቀዝቃዛ አየር፣ ምንጣፍ ላይ ተዘርራ ትተኛለች። የምትታጠብበት ሳሙና ከኔ ሳሙና ይልቅ ደስ የሚል ሽታ አለው። ስታየኝ እየዘለለች መጥታ ፊቴን ትልሰኛለች፤ እኔም አንገቷን አቅፌ እስማታለሁ። እየወደዱ መቅናት እንዳለ ያወቅሁት ያኔ ነው።

አንድ ቀን ማዳም ሥራዋን ጨርሳ ወደ አገሯ እንደምትመለስ፣ ሲምሲምንም ይዛት እንደምትሄድ ነገረችን። የእንስሳት ሐኪም መጥቶ መርፌ ወጋት። ቀጥሎ ፎቶዋ የተለጠፈበት ሰማያዊ ደብተር መጣላት። ፓስፖርት! እኔ ፓስፖርት አልነበረኝም። አባቴም አልነበረውም። አባቴ በፖለቲካ ምክንያት አገሩን ጥሎ የወጣ አስተማሪ ነበር፤ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ውስጥ ራዲዮና ማራገቢያ እየጠገነ፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚወስደንን ፕሮሰስ ይጠብቃል። እኔ ሳልወለድ የተጀመረ ፕሮሰስ ነው። "አባዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው?" ስለው "ኢንሻአላህ፣ በቅርቡ" ይለኛል። ሲምሲም ግን አንድ ቀን እንኳ ጠይቃ አታውቅም።

የምትሄድ ዕለት በሩ የብረት ፍርግርግ የሆነ ትልቅ የፕላስቲክ ሳጥን ሳሎኑ መሃል ተቀመጠ። ሲምሲም አልገባም አለች። ማዳም በሥጋ አባበለቻት፣ ሾፌሩ ከኋላዋ ገፋት፤ አራቱንም እግሯን ወጥራ አሻፈረኝ አለች። ሰዓቱ እየሄደ ነው። ሲጨንቃቸው ሁሉም ወደኔ ዞሩ። ተንበርክኬ ራሴ ሳጥኑ ውስጥ ገባሁ። አዲስ አዲስ ይሸታል፤ ለስላሳ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል። ሲምሲም ወዲያው ተከትላኝ ገብታ ሆዴ ላይ ተጠቀለለች። ማዳም አጨበጨበች።

"ያላ፣ አሁን ውጪ" አለችኝ እናቴ።

"እኔም ልሂድ።"

"ልጄ፣ ሰው በዚህ አይሄድም እኮ።"

"ታዲያ ሰው በምንድን ነው የሚሄደው?"

ማዳም ምን እንዳልኩ እናቴን ብትጠይቃት "ምንም" አለቻት በዐረብኛ። ከዚያ እናቴ እጇን ሰድዳ ቁርጭምጭሚቴን ያዘች። አልጎተተችኝም፤ እንደያዘችኝ ቆየች። በአውራ ጣቷ እግሬን ዳበስ ዳበስ አደረገችኝ። ያኔ ወጣሁ። በሩ ሲዘጋ ሲምሲም አፍንጫዋን በፍርግርጉ አሹልካ ጣቴን ላሰችኝ፤ መኪናው ወሰዳት።

አባቴ ወሬውን ሲሰማ ሳቀ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። በማግስቱ ወደ ሥራ ሲወጣ እኔንም ይዞኝ ሄደ። ከሚኒባሶቹ ጩኸት ጀርባ ወዳለች ጠባብ ፎቶ ቤት አስገባኝ፣ ፀጉሬን በመዳፉ አስተካከለና ጉርድ ፎቶ እንድነሳ አዘዘ። ፎቶ አንሺው ለምን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቀው።

"ለጉዞ ነው" አለ አባቴ፣ ኮስተር ብሎ፣ ትኬቱን ኪሱ እንደያዘ ሰው።

ተራችን ሳይደርስ እኔ አደግሁ። ማዳም ቆይታ ሲምሲም በረዶ ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ለእናቴ በስልኳ ላከችላት። እናቴ "ወፍራለች" አለች ደስ ብሏት፤ እኔ ግን ለረጅም ጊዜ ትክ ብዬ አየኋትና ስልኩን መለስኩላት። ከዓመታት በኋላ ጦርነቱ ሲነሳ እኛም ከካርቱም ወጣን፤ አውሮፓ ሳይሆን በመተማ በኩል፣ በአውቶቡስ፣ አገር ቤት ገባን።

አሁን አዲስ አበባ ነው የምሠራው። ቢሮ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ በየበዓሉ ደብረ ብርሃን፣ ያደገችበት ቤት ትሄዳለች። ስትመለስ "እንዴት ነበር?" እላታለሁ። "ምን ባክሽ፣ ያው ነው" ትለኛለች፣ እንደመሰልቸት ብላ፣ "በሩም ያው፣ ጎረቤቱም ያው፣ የተኛሁበት አልጋ እንኳ ያው።" የጀሪፉ ቤታችን ቆሞ ይሁን ፈርሶ የሚነግረኝ ሰው የለኝም። ልጅ ሳለሁ በሚሄድ ነበር የምቀናው። ዛሬ እሷ ሻይዋን እያማሰለች "ያው ነው" ስትል፣ ያ የማውቀው ቅናት ደረቴ ውስጥ ይነሳል። ወንበሬን ጠጋ አደርግና፣ "እስቲ ንገሪኝ፣ በሩ ምን ቀለም ነው?" እላታለሁ።