የሐሙስ ከሰዓት ለቅሶ

መፍቱሃ ያንን ቪዲዮ ያሳየችኝ የካቲት መጨረሻ ላይ ነው። ወይስ መጋቢት ገብቶ ነበር? በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጆቹ እንደያዝኩት እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም። ኦስሎ፣ ቫይትቬት ሰፈር ባለው ቤቴ ደረጃ ላይ በረዶው ቀልጦ መልሶ ብርጭቆ እንደሆነ፣ እሷም መደገፊያውን ይዛ በጎን በጎኗ ስትወጣ በመስኮት እንዳየኋት ግን አልረሳሁም። ረመዳን ገብቶ ይሆናል፤ ያቀረብኩላትን ሻይ አልነካችውምና። ላትጠጣው የምትችልበት ሌላ ምክንያትም ነበራት።

"እትዬ ሮማን፣ የኖርዌጂያን ጽሑፍሽ ጥሩ ነው አይደል?" አለችኝ ጫማዋን ሳታወልቅ። "አንድ ነገር ጻፊልኝ። ዛሬውኑ።"

መፍቱሃ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። በሱዳንና በሊቢያ አድርጋ ኦስሎ ስትገባ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር፤ አሁን ወደ አርባ እየተጠጋች ነው። ቢሮ ጠርጋለች፣ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ማለት ነው፣ ገብታ የሕፃናት አፍንጫ ጠርጋለች፤ "እድገት ማለት ይሄ ነው" ትላለች ስታወራው። ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ደግሞ የቶርዲስ አሲስተንት ናት። ቶርዲስ ከወገቧ በታች የማይታዘዝላት ኖርዌጂያዊት አሮጊት ስትሆን፣ ለረዳቷ የሚከፍለው ኮሙኑ፣ የከተማው አስተዳደር ነው። መፍቱሃ ታጥባታለች፣ ታለብሳታለች፣ በተሽከርካሪ ወንበር ትገፋታለች። ቶርዲስ ብርዱን ሸሽታ ወደ ሙቅ አገር ስትሄድም አብራት ትሄዳለች። ዘንድሮ ወደ አንድ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ነበር የሄዱት፤ የመረጠችው የቶርዲስ ልጅ ሲሪ ናት፤ እሷም አብራቸው ነበረች። የደሴቷን ስም መፍቱሃ ነግራኛለች፤ አልጽፈውም። ደሴቷ ምን አደረገች?

"እንዴት ነበር ታዲያ?" ስላት፣

"ቀፋፊ" አለች።

በየጠዋቱ ቁርስ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ሰውዬ እየመጣ የዕለቱን መዝናኛ ይለፍፋል። አንድ ቀን ከኤሊ ጋር መዋኘት ነው። ኤሊዋ አንድ፣ ዋናተኛው መዓት። ለመተንፈስ ብቅ ባለች ቁጥር የሰው እጅ ሁሉ ያርፍባታል።

"ወላሂ እትዬ ሮማን፣ ጀርባዋ የፀሐይ ቅባት ጠግቦ ያብረቀርቅ ነበር። ባሕሩ ራሱ ወዝቷል። የቶርዲስን እግር ነክሬ ሳወጣው የወጥ ወዝ የሚመስል ነገር ተንሳፍፎበታል።"

ሌላ ቀን የኮኮናት ዛፍ ነው። የልጅ ልጅ ያየ ሽማግሌ ሽቅብ ይወጣል፤ ፎቶው የተበላሸበት "እባክህ አንዴ ድገመው" ይለዋል፤ ሽማግሌው ይደግማል፤ ሌላዋ ደግሞ "ፈገግ በል በሉት" ትላለች። ከዚያ እግር ገንዳ ውስጥ ተከትቶ ትንንሽ ዓሦች የሞተውን ቆዳ ሲበሉ መሳቅ አለ።

"ማታ ደግሞ ዓሣ ይቀርባል" አለች መፍቱሃ። "እኔ እስክንመለስ ሩዝ ብቻ በላሁ። እነሱ ሳህን ሙሉ ያነሱና ሁለቴ ጎርሰው ሲጋራቸውን ይተረኩሱበታል። ሩዙ ላይ! ያ ረቢ፣ እህል ላይ!"

"አንቺን ምን አሉሽ?"

"እኔንማ አስተናጋጅ መስያቸው! አንዱ ጆሮው ድረስ የተቃጠለ ሰውዬ ፎጣ አምጪ አለኝ። አመጣሁለታ።"

"አመጣሽለት?"

"እርጥቡን።"

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችውና ሐሙስ ከሰዓት የሆነውን ነገረችኝ።

ሆቴሉ ባሕሩ ዳር በዘንባባ ቅጠል የሠራት መንደር አለች። የሚኖርባት ሰው የለም። እንግዶቹ እዚያ ሄደው የድሮ የደሴቲቱን ሰው ሕይወት ይኖራሉ፤ ሽርጥ አሸርጠው፣ መረብ ጥለው፣ ኮኮናት ፈቅፍቀው። የመጨረሻው ትርዒት ባሕር የበላውን ዓሣ አጥማጅ መሸኘት ነው። ባዶ ጀልባ አሸዋው ላይ ይቀመጣል። ወንዶች አንገታቸውን ደፍተው ይከቡታል፤ ሴቶች ነጭ ጨርቅ ጣል አድርገው እየተወዛወዙ ያንጎራጉራሉ። ለእንግዶቹም ነጭ ጨርቅ ይታደላል። ፊሽካ ያንጠለጠለው ሰውዬ ያጨበጭብና "አሁን ደግሞ ሁላችንም አብረን እንዘን!" ይላል።

መፍቱሃ ይህን አልሰማችም። ቶርዲስን መጸዳጃ ቤት ወስዳ ነበር። ወንበሩን እየገፋች ከዘንባባዎቹ ጀርባ ብቅ ስትል ያየችው ለቅሶ ነው። ከሴቶቹ አንዷን ታውቃታለች፤ ጠዋት ጠዋት ክፍላቸውን የምታጸዳው ናት።

"ባሏ ነው አልኩ፤ ወይም ልጇ። ባዶ ጀልባ አየሁ፤ ሬሳ የለም። ገባኝ። ታዲያ ለቅሶ አይተሽ ታልፊያለሽ? አንቺ ብትሆኚ ታልፊያለሽ?"

"አላልፍም።"

"ቶርዲስን አሸዋው ላይ ትቻት ሄድኩ። ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ።"

ለቅሶ ቤት የገባ ሰው የሚያለቅሰው የራሱን ነው። መፍቱሃ የራሷ ነበራት። ታናሽ ወንድሟ ሹዓይብ ወደ ሳዑዲ ለመግባት ከጅቡቲ ዳርቻ በሌሊት ተነስቶ፣ የመን ሳይደርስ ጀልባዋ ሰመጠች። አራት ዓመት ሆነው። የተረፈ ልጅ ነው ለመፍቱሃ ደውሎ የነገራት። ከእሷና ጅዳ ካለው የአክስቷ ልጅ ከፈረጅ በቀር ይህን የሚያውቅ ቤተሰብ የለም። እናቷ ሐዋ ልጃቸው መንገዱን አልፎ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ግመል እንደሚጠብቅ ነው የሚያውቁት። በየኢዱ መፍቱሃ ሽርጥና ሽቶ ገዝታ "ሹዓይብ በሰው ልኮልሽ ነው" እያለች ታስደርስላቸዋለች። መርዶ በስልክ አይነገርም። እሷ ደግሞ ፓስፖርት እስክታገኝ ኢትዮጵያ መግባት አትችልም ነበር፤ ካገኘች በኋላም "ዘንድሮ እሄዳለሁ" ስትል ዓመቱ እያለፈባት ቆየ።

መርዶ ሲባል የሚመጣብኝ አንድ ጎህ ነው፤ የስድስት ኪሎ የሴቶች መኝታ ቤት። ሦስት ጋቢ የለበሱ ሰዎች በር ላይ ቆመው የክፍሌን ልጅ ወለተማርያምን አስጠሩ። ገና ሳይናገሩ ጫማዋን ማሰር አቆመች። ሰዎቹ የአባቷን ሞት አልቃሽ ሳይበዛ፣ ብርሃን ሳይመጣ፣ በሦስት ድምፅ ለመንገር ከጎጃም ድረስ መጥተው ነበር። ሞት በአገራችን እንዲህ ተከብሮ ነው የሚገባው።

መፍቱሃ ስልኩን ከፈተችው።

በቪዲዮው ውስጥ አጎንብሳ ደረቷን ትመታለች። "ሹዓይብ ወንድሜ፣ አፈር ያላገኘኸው፣ ዓሣ የበላህ ወንድሜ" ትላለች በጠራ አማርኛ። ጎኗ የተቀመጡት ሴቶች ማንጎራጎራቸውን አቁመው ያዩዋታል። ከጀርባዋ ቁምጣ የለበሰች አንዲት እንግዳ መጠጧን በቀሰም እየመጠጠች በስልኳ ትቀርጻታለች። መጨረሻ ላይ ጭብጨባ ይሰማል፤ አንዱ ያፏጫል። ሆቴሉ ከሥሩ የዋሽንት ሙዚቃ ጨምሮ፣ እንግዶቻችን የደሴቲቱን ነፍስ ይነካሉ የሚል ጽፎ ለጥፎታል። ይህን ቪዲዮ የቀረጸችው ሲሪ ናት፤ ለሆቴሉ የሰጠችውም እሷው። ሻዬን ወደ ማጠቢያው ደፋሁት።

"ከዚያ በኋላ ምን ሆነ?" አልኳት።

"ክፍላችንን የምታጸዳው ሴትዮ እጄን ያዘችኝ። 'ወንድም?' አለችኝ በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ። እሷ ብቻ ገብቷታል። ፊሽካው ሲነፋ ግን ጨርቋን አስተካክላ ተነሳች፤ ሁለተኛው ቡድን እየጠበቀ ነበር። ቶርዲስም 'ሁሉም ያጨበጨቡት እኮ ላንቺ ነው' አለችኝ።"

ቪዲዮው ወደ ቲክቶክ ተሻግሯል። ከአረብ አገር አንዷ "ኧረ ይቺ ልጅ በአማርኛ ነው የምታለቅሰው!" ብላ ስትጽፍ የእኛ ሰው ወረደበት። የሚስቅ አለ፤ የሚያዝን አለ፤ "ሹዓይብ ማነው?" የሚል ብዙ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ቲክቶክ የማያይ ጎረቤት የለም።

"እማ ይሄን በጎረቤት ስልክ ከምትሰማ እኔ ልሙት" አለች መፍቱሃ። "አስወርጂልኝ እትዬ ሮማን።"

ጻፍኩ። ለሆቴሉም፣ ጉዞውን ላዘጋጀው ድርጅትም፣ ለሲሪም። ሆቴሉ ቶሎ መለሰ። ስሜቷን እንደሚረዱ፣ ምስሉ ግን በእንግዶች ዘንድ እጅግ የተወደደ እንደሆነ፣ ፈቃዷን ብትሰጥ በመጪው ዓመት አንድ ሳምንት በነፃ እንደሚያስተናግዷት ነገሩን። ያንን ለመፍቱሃ ሳነብላት ከንፈሬን መጥረግ አማረኝ። ሲሪ ደወለችላት፤ መፍቱሃ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ አሰማችኝ።

"ግን መፍቱሃ፣ ከጉዞው ሁሉ ያማረው እሱ እኮ ነው! እውነተኛ ትመስያለሽ!"

"እውነት ነበር፣ ሲሪ። ወንድሜ ነው።"

ከዚያ ሲሪ "ኦይ" አለች፤ እንቁላል ከእጇ እንደወደቀባት ሰው።

ሆቴሉ ያወረደው ቶርዲስ ራሷ ደውላ ከጮኸችባቸው በኋላ ነው። የተገለበጠውን ግን ማን ያውርደው? አንዱን ስናስጠፋ ሌላው ላይ የሐዘን ዘፈን ተጭኖበት ይመጣል፤ አንዱ ደግሞ ደረቷን ስትመታ እየደጋገመ የሚያስቅ አድርጎታል። እሱን አይቼ ስልኬን ገልብጬ አስቀመጥኩት፤ ቀኑን ሙሉ አልነካሁትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቫይትቬት ቲባነ፣ የከተማ ባቡር ጣቢያው ላይ አገኘኋት። ሮመን ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤቷ ሻንጣ ይዛ መጥታ፣ መንገዷን አቋርጣ የወረደችው ልትሰናበተኝ ነው።

"ከቪዲዮው ቀድሜ ልደርስ ነው" አለች። "ከሽማግሌዎቹ ጋር በፈረጅ በኩል ጨርሻለሁ። ሼሁም አሉበት። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ይገባሉ። እኔ አልናገርም፤ እግሯ ሥር ነው የምቀመጠው።"

"ቶርዲስስ?"

"'እናትሽን ሳሚልኝ' ብላ አለቀሰች። ምን ታደርግ እሷ። ምትክ ሰጥተዋታል፤ ትናንት ፀጉሯን በሳሙና አጠበባት አሉ።" ልትስቅ ብላ ተወችው።

"እናትሽ እንደምትሄጂ ያውቃሉ?"

"ነገርኳት። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ 'ነይ ልጄ' ብቻ አለችኝ።"

"ሌላስ?"

"ሌላ ምንም።" የሻንጣዋ ዚፕ አልዘጋ ብሏት ጎንበስ ብላ እየታገለችው ነበር። "ድሮ ስልክ ባነሳሁ ቁጥር ሰላምታዋ 'ሹዓይብ ደወለ?' ነበር። አሁን አሁን አትጠይቀኝም። አልሐምዱሊላህ፣ መዋሸቱ ቀለለልኝ።"

ባቡሩ ገባ። ሳመችኝ፤ ጉንጯ ብርድ ነበር። ሻንጣውን ጎትታ ገባችና ፊቷን ወደ እኔ መለሰች።

ከመቼ ጀምሮ ነው እናትሽ ስለ ሹዓይብ የማይጠይቁሽ? ልላት አንድ እርምጃ ስራመድ በሩ ተዘጋ። በመስታወቱ ውስጥ እጇን አነሳችልኝ፤ ባቡሩም ወደ ከተማ ይዟት ሄደ።