ካሰች በርባንክ የተኛች ጊዜ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ መጥቶ መኪና ያቆመ ሰው ሁሉ ካሰችን ያውቃታል። ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለችው የመኪና ማቆሚያ፣ ስልክ ቤት በምታክል የመስታወት ዳስ ውስጥ ሆና ሂሳብ የምትቀበለው እሷ ናት። አሥራ አራት ዓመት እዚያ ተቀምጣለች። ተቀምጣለች ይባል እንጂ፣ የወንበሩ አንድ እግር አጭር ስለሆነ ግማሹን ዘመን ያሳለፈችው ቆማ ነው። ወንበር ይቀየርልኝ ብላ አታውቅም። ካሰች "ይሁን" የምትል ሴት ናት። ከሰባተኛ ክፍል ይብቃሽ አሏት፤ ይሁን አለች። ዘለቀን አግቢ አሏት፤ ይሁን። ዘለቀ ዲቪ ደርሶት ሎስ አንጀለስ እንሂድ ሲል፣ ኢንግልዉድ ርካሽ ቤት አገኘሁ ሲል፣ ቤቱ ገብተው አውሮፕላን ጣሪያውን ታኮ ሲያልፍ፣ ይሁን፣ ይሁን፣ ይሁን።

መጻፍ የጀመረችውም እንዲሁ ሳታስበው ነው። ከቁርስ በኋላ ምሳ እስኪደርስ መኪና አይመጣም። የደረሰኝ ማሽኑ ግን ወረቀት አለው። አንድ ቀን ጥቅሉን መዝዛ አንድ መስመር ጻፈችበት፤ በማግስቱ ሌላ ጨመረች። መኪና ሲመጣ ታቆማለች፣ ሲሄድ ትቀጥላለች። ስለዚህ ጽሑፏ ውስጥ ረጅም ዐረፍተ ነገር የለም፤ ረጅም ዐረፍተ ነገር የሚያስጨርስ ደንበኛ የላትማ።

በዚያው ሰሞን የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ሃያኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ መጽሔት ሊያሳትም ተነሣ። አዘጋጁ ባሮክ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተር ላይ ተተክሎ የሚውል፣ እሑድ ጊታር የሚመታ፣ ሠላሳውን ያለፈ ሰው። ልብ ወለድ የጻፈ ያምጣ ብሎ አስነገረ። ካሰች ጥቅሏን በላስቲክ አስራ ሰጠችው። ሲዘረጋው ከመድረኩ ሥር እስከ አራተኛው ረድፍ ወንበር ደረሰ። ጎንበስ ብሎ እየተራመደ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወገቡን ይዞ ቀና አለና "ዋው" አለ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት ሠላሳ አንድ ዓመት ለባሏ ወጥ ስትሠራ ኖራ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ምድጃውን አጥፍታ በርባንክ የሚሄድ አውቶቡስ ትሳፈራለች። ፊልም የሚሠራበት ግቢ በር ላይ ቆማ ስታይ፣ አንድ ሰው ለሥራ ከተሰለፉት መስላው ያስገባታል። ሥራው ሬሳ ሆኖ መተኛት ነው። ትተኛለች። ሌሎቹ ሬሳዎች ያስነጥሳሉ፣ ይገላበጣሉ፣ ስልካቸውን ያያሉ። እሷ የሠላሳ አንድ ዓመት ድካም አለባትና ንቅንቅ አትልም። ዳይሬክተሩ እንዲህ ያለ ሬሳ ዐይቼ አላውቅም ብሎ በማግስቱም ያስጠራታል። ቤቷ አትመለስም። በቃ፣ አለቀ።

ይኼን ሁሉ ካሰች የጻፈችው "እኔ" እያለች ነው። ለምን እንደሆነ አታውቅም፤ እጇ እንደዚያ ጀመረ፣ እሷም ይሁን አለችው።

ከመታተሙ በፊት እሑድ ከአምልኮ በኋላ ለጉባኤው ይነበብ ተባለ። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው። በዚያ ቤተ ክርስቲያን ማይክ ይዞ "እኔ" ብሎ የሚጀምር ሰው ምስክርነት የሚሰጥ ብቻ ነው። የምስክርነት መንገዱ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ጠፍቼ ነበር፣ ሞቼ ነበር፣ ተመለስኩ፣ ሃሌሉያ። ባሮክ አስቀድሞ ወጥቶ ይህ ልብ ወለድ ነው ሊል ነበር፤ ፓርኪንግ አጥቶ ሰፈሩን ሲዞር ቀረ። በምትኩ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሼ ወልዴ ማይኩን ያዙና እኅታችን ካሰች የምታካፍለን አላት አሉ።

ካሰች ጥቅሏን እየፈታች አነበበች። "ማክሰኞ ዕለት ሞትኩ" ስትል ጉባኤው አሜን አለ። "ረቡዕም ሞትኩ" ስትል አሜኑ በረታ፤ ከፊት የተቀመጠች ሴት እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። "ሐሙስም ሞትኩ። ከሁሉ የተመቸኝ የሐሙሱ ነው።" አሜኑ ሳሳ። ሰው የሚጠብቀው መነሣቷን ነበር። ካሰች ግን "ወደ ቤቴ አልተመለስኩም" ብላ ወረቀቷን ጠቅልላ ወረደች። ከኋላ ወንበር ዘለቀ ብቻውን አጨበጨበ።

ከሰኞ ጀምሮ ዳሷ የጸሎት ቤት ሆነች። መኪና ይመጣል፣ መስኮት ይወርዳል፣ ከሂሳቡ ጋር ምክር ይገባል። አንዷ የትዳር አማካሪ ስልክ አቀበለቻት። አንዱ እጁን መስታወቱ ላይ ጭኖ ሲጸልይላት ከኋላው አራት መኪና ጥሩምባ ነፋ፤ እሱም ጠላት ሊያደናቅፈኝ ነው ብሎ ድምፁን ጨመረ። ዘለቀ ታክሲውን ይዞ ኤርፖርት ተራ ሲጠብቅ ደግሞ ሚስቱ ጥላው ሄዳለች ተብሎ በየቀኑ በፕላስቲክ ሳህን ዶሮ ይመጣለት ጀመር። ሚስቴ ቤት ናት ብለህ ለምን አትነግራቸውም ብላ ካሰች ብትጠይቀው፣ ልነግራቸው አፌን ስከፍት የዶሮው ሽታ ይመጣል አላት።

ሐሙስ ዕለት ባሮክ መኪናውን ዳሷ አጠገብ ፓርክ አድርጎ ወረደ።

"እትዬ ካሰች፣ ስሚኝ" አለ። "ታሪኩ ፐርፌክት ነው። 'እኔ' ያልሽው ነው ፕሮብሌሙ። ቼንጅ አድርጊውና 'እሷ' በይ፣ ኦኬ? ከዚያ ማንም አንቺ ጋ አይደርስም።"

ይሁን አለች። አዲስ ጥቅል መዝዛ ከመጀመሪያው ትጽፈው ጀመር። ቀላል መስሏት ነበር። "እኔ" ስትል የበርባንኩ ወለል ጀርባዋን ይቀዘቅዛት፣ ወገቧ ያርፍ ነበር። "እሷ" ስትል ግን የተኛችው ሌላ ሴት ሆነች፤ ካሰች ራስጌዋ ቆማ ታያታለች። እዚህም መቆም እዚያም መቆም ብላ እግሯን አሻሸች። ጥቅም የለውም ለማለት ግን አልቻለችም፤ የቆመ ብዙ ያያል። የሴትየዋ ጫማ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ማለቁን፣ አፏ በእንቅልፍ መከፈቱን፣ ዳይሬክተሩ እንዳይቀሰቅሳት በእግሩ ጣት መራመዱን አየች። "እኔ" ብላ የተኛች ጊዜ ዐይኗን ጨፍና ስለነበር ይኼ ሁሉ አምልጧት ኖሯል። ጨመረችው።

ባሮክ አዲሱን ጽሑፍ የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች በሚገናኙበት የስልክ ግሩፕ ላይ ለጠፈው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፌርፋክስ ላይ የቅመም ሱቅ ያላት ጓደኛዋ ሰርካዲስ ሱቋን ቆልፋ ዳሷ ድረስ መጣች።

"ካሱ፣ በርባንክ መሄዴን ማን ነገረሽ?" አለች በሹክሹክታ።

"ሄደሽ ነበር እንዴ?"

"ተረከዙ ያለቀውን ጫማ ሳይቀር ጽፈሽው የለም እንዴ? ማን ነገረሽ?"

"ማንም። አሁን አንቺ ነገርሽኝ።"

ሰርካዲስ አፏን ይዛ ተመለሰች። ማታውን ፓልምስ ከሚባለው ሰፈር አንዲት ሴት ደውላ፣ አውቶቡስ ውስጥ ያለቀስኩትን ለምን አወጣሽብኝ አለች። ለቅሶ አልጻፍኩም ብትላት፣ ገብቶኛል፣ ሆን ብለሽ የዘለልሽው እኔን ለማሸማቀቅ ነው አለቻት። ቦሰና የምትባል የመዘምራን አባል ደግሞ የተቆጣችው በተቃራኒው ነው። ሃያ ዓመት እዚሁ ዐይንሽ ሥር ስቃጠል እኔን ትተሽ ሌላ ሴት ታስተኛለሽ፣ ምን አነስኩሽ ብላ ሰላምታዋን አቋረጠች። "እኔ" ያለች ጊዜ ያዘኑላት ሰዎች "እሷ" ስትል ሐሜተኛ አደረጓት። ባሎቻቸው ደግሞ እነዚያ ሴቶች ማክሰኞ ማክሰኞ የት እንደሚውሉ መጠየቅ ጀመሩ።

ቅዳሜ አሥር ሰዓት ላይ ኢንግልዉድ ያለው ቤት ተንኳኳ። ዘለቀ በሩን ሲከፍት ጋሼ ወልዴና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች በሱፍ ልብስ ተሰልፈው ቆመዋል። ሦስት ሽማግሌ ሳይደውል የሚመጣው ለመርዶ ነውና የዘለቀ ፊት አመድ ሆነ።

"ማን ሞተ?" አለ።

"ሚስትህ ናት እንጂ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ" አሉ ጋሼ ወልዴ እየገቡ። "በል አስቀምጠን።"

የመጡት ሊያስታርቁ ነው። ካሰች አልተጣላንም አለች። ጋሼ ወልዴ እንዲህ የሚል ባልና ሚስት እንዴት እንደሚያስፈራቸው፣ በአርባ ዓመት የሽምግልና ሥራቸው ከባዱ ጉዳይ ሁልጊዜ አልተጣላንም የሚለው እንደሆነ በሰፊው ተረኩ። ጉባኤው ታውኳል፣ አሉ። ሦስት ቤት ውስጥ እራት አይበላም። መጽሔቱ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል፤ እስከዚያ ነገሩ መቋጨት አለበት። "እኔ" ካልሽ ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ከሆነ ደግሞ ወደ ባልሽ ትመለሻለሽ፤ አንድ መስመር ይበቃል። "እሷ" ካልሽ መመለስ የለባትም፣ ግን የማን ሚስት እንደሆነች ይነገርና ሌሎቹ ይረፉ። ሁለተኛው ሽማግሌ ሁለቱም ካስቸገሩ "እናንተ" ብትልስ ብለው ሐሳብ አቀረቡ። ሁሉን ሰው ከማስቀየም አንዱን ማስቀየም ይሻላል ተብለው ተውት። ሦስተኛው አላነበብኩትም፣ ግን ሴትየዋ ዕድሜዋ ስንት ነው ብለው ጠየቁ።

ካሰች እጇን አጣምራ ሰማች። ይሁን ለማለት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አንድ መስመር ምን ያቅታል? "ከዚያም ተነሥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ" ብሎ መጻፍ አንድ መኪና እስኪመጣ ያልቃል። ግን ያንን መስመር በሐሳቧ ስትጽፈው ሴትየዋ ታየቻት፤ ወለሉ ላይ ተዘርራ፣ አፏ ተከፍቶ፣ መላው ዓለም በእግሩ ጣት እየተራመደላት። እጇን ይዞ ተነሺ፣ ሽንኩርት ክተፊ የሚላት ሰው ማን ይሁን? ካሰች ራሷ ናት።

"አላስነሣትም" አለች።

"ምን አልሽ ልጄ?"

"ትምህርት አቁሚ አላችሁኝ፣ አቆምኩ። ሌላውንም እንደዚሁ። ይቺን ሴት ግን አላስነሣትም፣ ጋሼ ወልዴ። ገና መተኛቷ ነው፤ ይተዉአት።"

ትምህርቷን ያስቆሟት ጋሼ ወልዴ አልነበሩም፤ ያኔ አይተዋወቁም። ቢሆንም የጥፋተኛ ያህል ደንግጠው ወደ ዘለቀ ዞሩ። ተበዳዩ አንተ ነህ፣ ተናገር አሉት። ዘለቀ ብዙ አይናገርም፤ የሚያውቀው መንገድ ነው። አገጩን አከከ።

"እንመልሳት ብንል" አለ፣ "ከበርባንክ የሚያመጣት ማነው? ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ። የፎር ኦ ፋይቭን አውራ ጎዳና በሥራ መውጫ ሰዓት ታውቁታላችሁ። ሁለት ሰዓት ሄጄ፣ ሁለት ሰዓት ተመልሼ፣ ለዚያውም የደከማትን ሴት ቀስቅሼ? አልሄድም። ሶ፣ እዚያው ትደር።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ፎር ኦ ፋይቭ ላይ ማንም የሚከራከረው ነገር አልነበረውም። ጋሼ ወልዴም በደለኝ የሚል በሌለበት ሽምግልና እንደማይቀመጥ ከአባቶቻቸው የሰሙትን ጠቅሰው፣ መርቀው፣ ዘለቀ ከኤርፖርት ያመጣውን ዶሮ በልተው ሄዱ። ዶሮው ጣማቸው። ማን እንደሠራው ቢጠይቁ ዘለቀ ሳል ያዘው።

ቀሪው ምርጫ የካሰች ብቻ ነበር። እሑድን ሙሉ ሁለቱን ጥቅል አጠገብ ለአጠገብ ዘርግታ አየቻቸው። "እሷ" ጥሩ ነው፤ ብዙ ያሳያል። ግን ሰርካዲስ ሱቋ ውስጥ ተደብቃለች፣ የፓልምሷ ስልክ አታነሣም፣ ቦሰና ፊቷን ታዞራለች። "እሷ" ሲባል ፌርፋክስ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ስሟ ይነሣል። "እኔ" ሲባል የምትቸገር አንዲት ሴት ናት፤ እሷም ለጸሎቱም ለጥሩምባውም ለምዳለች። ከሁሉ በላይ ደግሞ መቆም ሰልችቷታል። ከሁለተኛው ጥቅል ተረከዙንና የዳይሬክተሩን የእግር ጣት ብቻ ቀድታ ወደ መጀመሪያው አሻገረች። ዐይኗን የጨፈነች ሴት ይኼን እንዴት አየች ለሚል ሰው፣ በአንድ ዐይኔ አየሁ የሚል መስመር ጨመረችለት።

ሰኞ ጠዋት ከዳሷ ሆና ለባሮክ ደወለች።

"'እኔ' የሚለውን አትመው" አለችው።

"ሹር ነሽ እትዬ ካሰች? ሰው እኮ አሁንም አንቺ ነሽ ነው የሚለው።"

"ይበል።"

"ኦኬ። ሶ መጨረሻውስ? ጋሼ ወልዴ ገና እናንተ ቤት ሳይመጡ ትመለሳለች ብለው ለሰው ሁሉ ነግረዋል። ተመለስሽ ወይስ አልተመለስሽም?"

አንድ ነጭ መኪና ገብቶ መስኮቱ አጠገብ ቆመ። ሹፌሩ ገንዘብ ይዞ እጁን ዘረጋ። ካሰች በጣቷ ትንሽ ጠብቅ አለችው፤ በአሥራ አራት ዓመት ሰው ስታስጠብቅ የመጀመሪያዋ ነው።

"አልተመለስኩም ብዬሃለሁ እኮ፣ ባሮክ" አለች። "እዚያው ተኝቻለሁ።"