ጎረቤቴ የተወችልኝ ግማሽ ግጥም

ትናንት የልጅ ልጄ ከቴሌግራፍ ጎዳና ኬክ ገዝታ መጣች። ካርቶኑን ስትከፍተው የጽጌረዳ ውሃ ሸተተኝና እጄ ሹካው ላይ ቀረ።

"እማማ፣ ዋት ሃፕንድ?" አለችኝ።

የኢራናዊቷ ጎረቤቴ ሽታ ነበር። ሻይዋም ሩዟም ይህን ይሸት ነበር። ሳን ሆዜ ከተማ ስንኖር እኔ ገና ወጣት ነበርኩ፤ እሷ የእናቴ እኩያ። አንድ ልጇ አገሯ ታስሮባት፣ በሕይወት መኖሩን እንኳ የሚነግራት አልነበረም። ያገሯ ሰዎች ፓርክ ውስጥ ሰልፍ ሲጠሩ፣ ወጥታ ስሙን በማይክ እንድትጠራ ቃል ገቡላት። "አብረሽኝ ነይ" አለችኝ፤ ሄድኩ።

ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። መጀመሪያ አንድ ክራቫት ያሰረ ሽማግሌ ወጣና ግጥም አወረደ። ጢማም ጎልማሳ ማይኩን ነጥቆ በግጥም መለሰለት። ባለክራቫቱ ደግሞ ተመለሰ። ጎረቤቴ የልጇን ፎቶ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

"ምን አለ?" አልኳት።

"ስለ ጽጌረዳ ነው።"

"ጢማሙስ?"

"ስለዚያችው ጽጌረዳ።"

"ታዲያ ምን ያጣላቸዋል?"

"ለዚያኛው ከዙፋን የወረደው ንጉሥ ናት፤ ለዚህኛው ሕዝቡ።"

ሰው ታስሮ እነሱ በአበባ ይጣላሉ። አላስቻለኝም፤ ወጣሁና ማይኩን ከጢማሙ እጅ ወሰድኩት።

"ተራው የሷ ነው" አልኩ በሰባራ እንግሊዝኛዬ።

"አንቺ ደግሞ የማን ወገን ነሽ?" አለኝ።

"የተራ" አልኩት።

ጎረቤቴ ማይኩን ተቀበለችኝና እሷም ግጥም ጀመረች። ይታያችሁ፣ ለዚህ ነው የተጣላሁላት? ግማሹን ብላ ድምፅዋ ተቆረጠ። ያን ጊዜ ባለክራቫቱም ጢማሙም፣ ሰልፈኛው በሙሉ፣ የቀረውን ባንድ ድምፅ ጨረሱላት። ከዚያ የልጇን ስም ጠራች። እሱንም አብረዋት ጠሩ። ጢማሙ ሲያለቅስ አየሁት። እሷ ከማይኩ ዘወር እንዳለች ስለ ጽጌረዳዋ ጠባቸውን ቀጠሉ፤ የማይሰለቻቸው ነገር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት የሚለየንን ግድግዳ መታ መታ አድርጋ የግጥሙን መጀመሪያ ግማሽ ትለው ነበር። እኔ ትርጉሙን ሳላውቅ እሷ ያስጠናችኝን ሌላውን ግማሽ እመልስላት ነበር። የልጇን ወሬ ሳትሰማ ሞተች።

ይህን ሁሉ ስነግራት የልጅ ልጄ መብላቷን ተወች። "ሴይ ኢት" አለችኝ። የኔን ግማሽ አልኩላት።

"ፈርስቱ ግማሽስ?"

እሱን አልልም። እሱ የጎረቤቴ ተራ ነው።