ሐጂ መንኮራኩሯን ያዩ ለታ

አውሮፕላን ነው ያልከኝ አንተ፣ አውሮፕላን መብራቱ ብልጭ ድርግም አይልም እንዴ? ያቺ አንዴም አልተርገበገበችም። ኮከብ ነው ያልሽኝም፣ ኮከብ እንደ ባጃጅ ይከንፋል? ወላሂ መንኮራኩር ናት! ውስጧ ሰው አለ። እዚያ ሆነው ሰላጣ ያበቅላሉ፣ እሳት እንዴት እንደሚነድ ይሞክራሉ፣ ዳቦ የምታክል ሳተላይት ወደ ውጭ ይለቃሉ። ከየት አወቅክ አትበሉኝ። ደሴ ላይ እንደኔ ዲሽ የሚተክል የለም፤ የሳተላይት ነገር ለኔ የጎረቤት ወሬ ነው።

ነገሩ የመጣው በሚስት ነው። ሆጤ ሰፈር ሱቅ ያላቸው ሐጂ ልጅ አለቻቸው። እሷን ፈልጌ ሽማግሌ ልልክ ስል፣ ሐጂ አስቀድመው «የዚህን ልጅ ወሬ አምኖ የሚጾም የለም» አሉ አሉ። እሳቸው በየዓመቱ የረመዳንን ጨረቃ የሚጠብቁ ሰው ናቸው። አየሁ ብሎ የመጣውን ሁሉ አፋጥጠው ምስክርነቱን ወይ ይቀበላሉ ወይ ይጥላሉ። እኔን ሳልመሰክር ጣሉኝ።

ቀጥ ብዬ ሱቃቸው ገባሁ።

«ሐጂ፣ ነገ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሰው የጫነች መንኮራኩር በላያችን ታልፋለች። ስልኬ ነግሮኛል። ካሳየሁዎት ሽማግሌዬን ይቀበላሉ?»

«ካላሳየኸኝስ?»

«ሁለተኛ በደጅዎ አላልፍም።»

«እሱማ ትልቅ ሲሳይ ነው» ብለው ሳቁብኝ።

በማግስቱ ሊመሽ ሲል ግን፣ ደሴን ታውቋት የለ፣ የጦሳ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ቁጭ! ሐጂ «በል መንገድህን ቀይር» አሉኝ። እኔ እሸነፋለሁ? «ጉሙ የደሴ ነው ሐጂ፣ ኮምቦልቻ ሰማይ አለ» ብዬ ሚኒባስ ውስጥ ከተትኳቸው። ቁልቁለቱን ስንወርድ ተሳፋሪው ነገሩን ሰምቶ ለሁለት ተከፈለ። ፓፓያ ሸጣ ወደ ሐርቡ የምትመለስ ሴትዮ፣ «ሐጂ፣ ልጅቷን ለኔ ልጅ ይስጡልኝ። እሱ ቢያንስ መሬት ላይ ነው» አለቻቸው።

ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ አዛን ተሰማ። ሹፌሩ አቆመና ሐጂ ከፊት ሆነው አሰገዱን። እንደጨረስን ብድግ ብዬ ወደ ምሥራቅ አንጋጠጥኩ፤ ዲሽ ወደዚያ ሲያዞር የኖረ አንገት ነው። ምንም የለም። ሴትዮዋ ጉሮሮዋን ጠረገች።

ሐጂ ግን ሶላቱን ለመዝጋት ሲያሰላምቱ ፊታቸውን ወደ ግራ እንዳዞሩ እዚያው ቀርተዋል። ወደ ምዕራብ፣ ጨረቃ በሚጠብቁበት በኩል።

«ያቻት!» አሉ።

ነጭ ናት፣ ድምፅ የላትም። እየደመቀች መጥታ በአናታችን አለፈች። ሹፌሩ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቀረ። እኔማ እጄን አውለበለብኩላቸው፤ ሥራ ላይ ናቸው መሰለኝ አልመለሱልኝም።

ሐጂ እስክትጠፋ በዓይናቸው ሸኟት።

«ሰው አለበት አልከኝ?»

«አዎ ሐጂ።»

«ሲሰግዱ የሚዞሩበት ቂብላቸው በየት በኩል ይሆን?»

ስልኬን አየሁት፤ እሱም ይሄንን አልነገረኝም። እሳቸው ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ።

«ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ነዎት ሐጂ።»

«ይሄንን ለሽማግሌዎችህ ንገራቸው። ጁምዓ ይምጡ።»

አሁንም አላመናችሁኝም? ሚኒባሷ ዛሬም ደሴ ኮምቦልቻ ትሠራለች፣ ሹፌሩን ጠይቁት። ሴትዮዋን ሐርቡ ሄዳችሁ ጠይቋት። አማቴንም ጠይቁ፤ ግን ወንበር ይዛችሁ ሂዱ፣ እሳቸው ከጀመሩ አይጨርሱም።